ውሃ ልክ

እግሬ ወለሉ ውስጥ የገባው የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው። የዶሮ ወጥ በሳህን ይዤ ከወደቡ መረማመጃ ወደ ጀልባዬ ስሻገር፣ ግራ እግሬ ደኅና አረፈ፤ ቀኙ ግን አላረፈም፣ ቀጠለ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይጮኻል፤ የበሰበሰ እንጨት ግን ዝም ብሎ ነው የሚቀበልህ፣ እንደ ራሰ ድፎ ዳቦ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። ሳህኑ ከእጄ አልወደቀም። ይህን የማነሳው ያን ቀን ባለቤቴ ያመሰገነችኝ በዚህ ብቻ ስለሆነ ነው።

«እንቁላሎቹስ?» አለች ከኋላዬ።

«ደኅና ናቸው።»

«ጎሽ። በል አሁን እግርህን አውጣ።»

ይህ የሆነው ሲያትል ውስጥ፣ ዩኒየን ሐይቅ ላይ ነው። ጀልባዋን የገዛኋት ከሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ገዛሁ ማለት ከተቻለ። እዚህ አገር ያረጀ ጀልባ እንደ ድመት ግልገል ነው፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ዋጋ ሳይሆን ወሳጅ ነው። ስድስት ሜትር የማትሞላ፣ አካሏ ፋይበር ግላስ የሆነ፣ በ1970ዎቹ የተሠራች፣ አንድ ምሰሶና ሁለት ሸራ ያላት፣ ኩራት የሌለው ሰው ተጣጥፎ ሊተኛባት የሚችል ጓዳ ያላት ጀልባ ናት። ከጓዳው ኋላ ተቀምጠው መሪ የሚይዙበትና ገመድ የሚስቡበት ጎድጓዳ ስፍራ አለ። እሱ ነው ኮክፒት የሚባለው። የእኛ ሰው ኮክፒት ሲባል አውሮፕላን ነው የሚታየው፤ ቃሉን ግን አውሮፕላኖች ከጀልባ ነው የተዋሱት፤ እስካሁንም አልመለሱም።

በማግስቱ የጀልባ ዕቃ መሸጫ ሄጄ ወለሌ በስብሷል አልኩት ለሻጩ፤ በእንግሊዝኛ፣ «ፍሎር» ብዬ።

«ፍሎሩ ነው ወይስ ሶሉ?» አለኝ።

«ሶሌ ደኅና ነው» አልኩና ጫማዬን አየሁ።

ለካስ በጀልባ ቋንቋ የምትረግጠው ጣውላ ሶል ነው የሚባለው፤ ፍሎር የሚባሉት ከሥሩ ተጋድመው የሚሸከሙት አግዳሚዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ወለል የሚባለው ጀልባ ላይ ወለል አይደለም፤ ወለል የሚባለውም አይረገጥም። ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው። ቃል እየለዋወጠ ደጅ ያስጠናሃል።

አጠገቤ ጀልባውን የሚያቆም አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እቤቱ የሚገባው ለመተኛት ብቻ ይመስለኛል። እሱ የካቻቪቴ እጀታ ይዞ መጣና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዷ እያደረገ መታው። እናቴ ገበያ ውላ ጋን ስትገዛ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፣ ጆሮዋን ታዘነብላለች፣ ፊቷን ታጨፈግጋለች፣ ትመልሰዋለች። ደኅና ጋን ይዘምራል፤ የተሰነጠቀ ያጉረመርማል። ሽማግሌውም እንደ እናቴ ፊቱን አጨፈገገ። ቀጭ ያለው በአንድ ጥግ፣ የአንድ እንጀራ ስፋት ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ዷ ነው።

ጥፋቱ ከየት መጣ? ከአራት ብሎን። ከእኔ በፊት ጀልባዋን ይዞ የነበረ ሰው ዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን የሚያቆምበት መያዣ ወለሉ ላይ አስሮ ነበር። ብሎኖቹን ሲያስገባ ቀዳዳቸውን በምንም አላተመም። ከዚያ በኋላ ዝናቡ በአራት አፍ ሲጠጣ ኖረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አበው፤ ይህንን ወለል ግን ሃያ ዓመት አሳስቆታል። ፈረንጆቹ ይህን ብስባሴ «ደረቅ ብስባሴ» ነው የሚሉት። ማን እንዳወጣለት እንጃ። እንጨትን የሚበላው ፈንገስ ውሃ ካላገኘ መኖር አይችልም፤ የእንጨቱ እርጥበት ከመቶ ሃያ በታች ከሆነ ፈንገሱ ጾሙን ያድራል።

ሽማግሌው ጥፋቱን በሐይቁም ላይ ጫነው። ዩኒየን ሐይቅ ከባሕር የሚገናኘው በቦይ ነው። በቦዩ ጫፍ፣ ባላርድ ላይ፣ በ1917 የተመረቁ ትልልቅ የውሃ መዝጊያዎች አሉ፤ ከባሕሩ ስድስት ሜትር ያህል ከፍ ያለውን ሐይቅ ከጨዋማው ውሃ ይለያሉ፣ ጀልባውንም ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያሳልፋሉ። በዚያኛው በኩል ያለ ጀልባ ጨው ይቀባል፤ ጨውን ደግሞ ፈንገስ አይወድም። ቋንጣ የሰቀለ ሰው ይህን ለማወቅ ሽማግሌ ፈረንጅ አያስፈልገውም። የእኔዋ ግን ከታች ጣፋጭ ውሃ፣ ከላይ ዝናብ። ጨው ያልነካት ቋንጣ ናት።

ዝናብ ካነሳሁ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የሲያትል ሰው በዝናቡ ይኮራል። ስለ ዝናብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ይመስል ለእንግዳ ያስረዳል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ሲያትል ላይ በዓመት የሚዘንበው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ያህል። ልዩነቱ የባሕር ዳሩ በክረምት መጥቶ፣ ጮኾ፣ አጥቦ፣ ሥራውን ጨርሶ መሄዱ ነው። የሲያትሉ ግን እንደ ዕዳ ጠያቂ ዘጠኝ ወር በር ላይ ይቆማል፤ አይገባም፣ አይሄድም። ጣውላ የሚያበሰብሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው።

ጀልባዋን በተሳቢ ጎትቼ ከቤቴ ደጅ አቆምኳት። ደጃችን ዳገት ቢጤ ነው። ዝናብ እንዳይተኛባት ብዬ አፍንጫዋን በክሪክ ከፍ አደረግሁላት፤ ውሃው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እንዲወጣ። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ። እኔ ረስቻታለሁ።

የባለቤቴ አጎት ጋሼ አዲስ አበባ ላይ አርባ ዓመት በአናጺነት የሠሩ ሰው ናቸው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የሙሽራ ወንበር፣ አንድ ጊዜም የታቦት ማደሪያ መንበር። አሁን ልጃቸው ዘንድ እየኖሩ ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የቆመበትን ጠረጴዛ፤ «ይሄ በኮላ ብቻ የቆመ ነገር» እያሉ። ስደውልላቸው መሣሪያቸውን በፌስታል ይዘው ደረሱ። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ውሃ ልክ። የእኛ አናጺ ግማሽ አፉ ጣሊያንኛ ነው፤ ትራፓኖ ሲል፣ ስቱኮ ሲል፣ ኮምፔንሳቶ ሲል ሮም ውስጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ሥራው የተካሄደው በሦስት ቋንቋ ነበር፤ መመሪያው በእንግሊዝኛ፣ መሣሪያው በጣሊያንኛ፣ ስድቡ በአማርኛ።

አሮጌውን ወለል ማውጣት ሥራ አይባልም። በመጋዝ ጀምረን በአካፋ ጨረስን። ሽታው የሰነበተ ጥንስስ ነው። ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎችም በጣት ይፈርሳሉ። ጋሼ አንዱን ቆርሰው አሸተቱና «ይሄ ጀልባ ሳይሆን ማዳበሪያ ነው» አሉ።

ችግሩ የመጣው ልክ ስንወስድ ነው። ጋሼ ስኳድራቸውን አውጥተው አንዱ ማዕዘን ላይ አስቀመጡት። አልገጠመም። ሌላው ላይ አስቀመጡ። አልገጠመም። አራቱንም ሞከሩ። ከዚያ ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩኝ፤ ጀልባዋን ያጣመምኳት እኔ ይመስል። ጀልባ ላይ ዘጠና ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ወደ አፍንጫው ይጠባል፣ ወደ ታች ይሰበሰባል። ግራና ቀኙ እንኳ እኩል አይደለም፤ ሲሠሯት ሰኞ አንዱን ጎን፣ ዓርብ ሌላውን ጎን ሳይሆን አይቀርም። አርባ ዓመት በቀጥታ መስመር የኖረ ሰው እንዲህ ካለ ፍጥረት ጋር ሲገናኝ ማየት ያሳዝናል። ስኳድራውን ወደ ፌስታሉ መለሱት፤ እስከ መጨረሻም አልወጣም።

መላውን ያገኘነው ከቴሌቪዥን ካርቶን ነው። ከወለሉ የሚያንስ ካርቶን መሃል ላይ ታነጥፋለህ። ከዚያ ቀጫጭን የካርቶን ቁራጮች እየቆረጥህ፣ ጫፋቸው የጀልባዋን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ እየገፋህ፣ ዙሪያውን ሁሉ በትኩስ ሙጫ ትለጥፋለህ። ሲያልቅ ፀሐይ የሳለ ሕፃን ሥዕል ይመስላል። አንሥተህ ኮምፔንሳቶው ላይ ታነጥፈዋለህ፣ የጨረሮቹን ጫፍ በእርሳስ ታገናኛለህ፤ ያ ነው የወለሉ ቅርፅ። ጋሼ መጀመሪያ ንቀው አዩት፤ ሲገጥም ግን ዝም አሉ። የአናጺ ዝምታ ጭብጨባ ነው።

ኮምፔንሳቶው የጀልባ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእንግሊዞች የጥራት ቁጥር፣ ቢ.ኤስ. 1088፣ የታተመበት። እንጨቱ የማይበሰብስ መስሎኝ ነበር በዚያ ዋጋ። አይደለም። ከተራው የሚለየው ውሃ በማይፈታው ኮላ መጣበቁና በመሃል ባሉት ንጣፎች ውስጥ ባዶ ክፍተት አለመኖሩ ነው። ካላተምከው እንደ ማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል፤ የሚበሰብሰው ግን ውድ ሆኖ ነው።

ጋሼ ቆርጠው ሲያስገቡት ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለ። እንደ ሙሽራ ቁም ሣጥን በር፤ ምላጭ አያስገባም። እኔ ያን ጊዜ መመሪያውን ገለጥ አድርጌ ዙሪያውን ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው እንዳለበት አነበብኩ፤ ማተሚያው ሙጫ ገብቶ የሚይዘው በዚያ ነው። ለጋሼ እንዴት ልንገራቸው? ለአናጺ ክፍተት ነውር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹት የኖሩትን ነገር እኔ ሆን ብለው እንዲሠሩት ልጠይቅ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢያጠብቡት…»

«ምኑን?»

«ዙሪያውን። ስድስት ሚሊ ሜትር።»

ጋሼ መላጊያውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ያበላሸሁትን ሥራ ሲያርም አውቃለሁ። ያላበላሸሁትን አበላሽልኝ ያለኝ አንተ ነህ የመጀመሪያው።»

አጠበቡት። ፊታቸውን አዙረው ነው ያጠበቡት።

አዳዲሶቹን አግዳሚዎች ስንተክል ውሃ ልኩ ወጣ። ይህኛው መሣሪያ አያፍርም፤ ጠማማ ጀልባ ላይም ቢሆን ቀጥ ያለውን ያውቃል። አግዳሚው ላይ ሲያስቀምጡት አረፋዋ ወደ አፍንጫው በኩል ሸሸች። «ፊቱ ከፍ ብሏል» አሉ ጋሼ። የፊተኞቹን አግዳሚዎች በመላጊያ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረጓቸው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን። አረፋዋ መሃል ላይ መጥታ እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛች። ተጨባበጥን። ፎቶም ተነሣን፤ ፎቶው ላይ ከኋላችን ያ ክሪክ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሰማይ ደግፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ኤፖክሲ መጣ።

ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ሙጫና ማጠንከሪያ። የእኛው አምስት እጅ በአንድ እጅ የሚደባለቅ ነበር። ጋሼ በዓይናቸው ነው የለኩት። «ማጠንከሪያ ካጠነከረ፣ ሲጨምሩበት ይበልጥ ያጠነክራል» ብለው ጠብ አደረጉለት። ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ይህ እንደ በርበሬ የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር አይደለም፤ ሁለቱ ፈሳሾች በልካቸው ተጋብተው ነው የሚጠነክሩት፤ ከልኩ ያለፈው ላጤ ሆኖ ይቀራል። ያ የመጀመሪያ ቅልቅል ሦስት ቀን እንደ ማር ተኝቶ ቆየ። ዝንብ ይዟል። በአራተኛው ቀን ፋቅነው።

ሁለተኛው ላይ ልኩን ጠበቅን፤ ግን ብዙ አዘጋጅተን በአንድ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ተውነውና ቡና ልንጠጣ ገባን። ሁለቱ ሲጋቡ ሙቀት ይወጣቸዋል፤ በቀጭኑ ከተቀቡ ሙቀቱ ይበተናል፤ ተጠራቅመው ከተቀመጡ ግን ራሳቸውን ይቀቅላሉ። ስንመለስ ዕቃው ይጨሳል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል፣ ጎረቤታችን በመስኮት ስልክ ይዛ ቆማለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የእኛ ቤት ሕግ አንድ ሆነ። ትንሽ ቀላቅል፣ በሰፊ ሳህን ላይ አፍስስ፣ ቡና አትጠጣ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ብሂል ለኤፖክሲ የተተረተ ነው።

ለማዕዘኖቹ ደግሞ መወፈር አለበት። በዱቄት ታወፍረዋለህ። መመሪያው ውፍረቱን በምግብ ነው የሚያስረዳው፤ አንዱ እንደ ኬቻፕ፣ አንዱ እንደ ማዮኔዝ፣ የመጨረሻው እንደ ለውዝ ቅቤ። ጋሼ ለውዝ ቅቤ በልተው አያውቁም፤ ማዮኔዝ ደግሞ «ያ ነጩ ቅባት» ነው የሚሉት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከበር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆየችና መጥታ መመሪያውን ነጠቀችኝ። አነበበች። «አጥሚት፣ ሽሮ፣ ገንፎ ነው የሚላችሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሷ ሆነ። ጓንት አጥልቃ፣ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች፣ ለአምባሻ እንኳ የማታደርገውን ጥንቃቄ እያደረገች አማሰለችው። እኔ ያማሰልኩትን አይታ «ጓጉሏል» ብላ ደፋችው። የእሷ ገንፎ በማንኪያ ሲነሣ ይቆማል፣ አይንጠባጠብም፣ አይፈረካከስም። ወለሉ ከግድግዳው በሚገናኝበት ሁሉ ሞላነው፤ በማንኪያ ጀርባ እየሳብን ሹሉን ማዕዘን ክብ አደረግነው። ሹል ማዕዘን ላይ የፋይበር ግላስ ጨርቅ አይታጠፍም፤ ሥሩ አየር ይይዛል፣ አየር ያለበት ቦታ ነገ ውሃ ያለበት ቦታ ነው። ክቡ ላይ ግን ጨርቁ እንደ ነጠላ ይተኛል። ጨርቁ ሲነጠፍ ነጭ ነው፤ ኤፖክሲውን ሲጠጣ ዓይንህ እያየ ይጠፋል። ነጭ የቀረበት ቦታ ካለ አልጠጣም ማለት ነው። ባለቤቴ ነጭ ስትፈልግ አመሸች፤ አላገኘችም።

የእንጨት ጫፉን ሦስት ጊዜ ቀባነው። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በጫፉ ነው፤ ጫፉ የታሠረ የገለባ ነዶ ማለት ነው፣ ሁሉም ገለባ አፉን ከፍቶ የቆመ። ሥሩንም፣ የማይታየውንም ቀባነው። ጋሼ ይህን ሲያዩ ኖኅን አስታወሱ። ኖኅም መርከቡን ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ ነው የታዘዘው፤ ከውጭ ብቻ አልተባለም። «ያኔም ያውቁ ነበር» አሉ። ማጠንከሪያውን በዓይን ከመለካት እንዲቆጠቡም ታዝዘው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

በቀጣዩ ጠዋት ፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ላብ ወጣ። ማጠንከሪያው በእርጥብ አየር የሚያወጣው ነው። ቀለም ከቀባህበት ቀለሙ አይይዝም፤ በብርጭቆ ወረቀት ብትሞርደውም ወረቀቱን ይደፍነዋል። የሚለቀው በተራ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ውሃ ላለማስነካት ከፍለን፣ መጀመሪያ ያደረግነው ውሃ አፍስሶ ማጠብ ሆነ።

ብሎኖቹ ላይ ከጋሼ ጋር ልንጣላ ነበር። የጀልባ ሰው ብሎን የሚያስገባው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከብሎኑ የሚሰፋ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። ያን ቀዳዳ በወፍራም ኤፖክሲ ይደፍናል። ሲጠነክር መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ከሆነ ብሎኑ የሚያልፈው በኤፖክሲ ውስጥ እንጂ በእንጨቱ አይደለም፤ ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨት አያገኝም።

ጋሼ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ቀደህ፣ ደፍነህ፣ የደፈንከውን መልሰህ ትቀዳለህ?»

«አዎ።»

«አስፋልት ነው እንዴ!»

ማታ ማታ ሸራ ድንኳኑ ሥር፣ ኤፖክሲው እንዳይበርደው ካበራሁት ማሞቂያ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ከቀዘቀዘ ሥራውን ያቆማል። እንደ አራስ ነው የጠበቅሁት። ያኔ ያኔ ታንኳ ትዝ ይለኛል። ጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ማለቴ ነው፤ ነገደ ወይጦዎች የሚያውቁበትን፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ በልጅነቴ ቆሜ የማየውን። ታንኳ ወለል የለውም። ውሃ አይከለክልም። ውሃው በደንገሉ መሃል ይገባል፣ ይወጣል፣ ቀዛፊው ልብሱ ርሶ ይቀመጣል፤ የሚንሳፈፈው ውሃ ስላልገባበት ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ሲደርስ ዳር ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። ጠብ የለም። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ ያላትን የደንገል ጀልባ ይዞ ከሞሮኮ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ ከጣና የሄደ ነበር። ኋላዋ እየሰመጠ አስቸግሮት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተዋት፤ በዓመቱ በሁለተኛዋ ተሻገረ። እኔ ደግሞ የዚያው ሐይቅ ልጅ ሆኜ፣ ለአንድ ወለል ሁለት ወር ሌሊት እየነቃሁ ሙጫ አሞቃለሁ።

ቀለሙ የመጨረሻው ነው፤ በእርጥብ እግር እንዳያንሸራትት መሻከር አለበት። አሸዋ ይጨመርበታል። ሽማግሌው ጎረቤቴ ግን አሸዋ ጉልበት ይልጣል ብሎ ሌላ ነገር መከረኝ። እርጥብ ቀለም ላይ ስኳር በትን፣ ሲደርቅ በውሃ እጠበው፤ ስኳሩ ይሟሟል፣ ቦታው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ሠራሁት። ሁለት ኪሎ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ስበትን አየችኝ።

«ሁለት ኪሎ ስኳር ለማግኘት ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ስሰለፍ የኖርኩ ሰው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባሌ ጀልባ ሲያጣፍጥ አየሁ።»

ያን ቀን ራት በዝምታ ነው የተበላው።

በሰኔ መጨረሻ ወደ ሐይቁ መለስናት። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ባለቤቴ ጀበና ይዛ። አዲሱ ወለል ላይ ሦስታችንም ቆምን፤ አልተነቃነቀም። ዷ የለም፤ የትም ብትመታው ቀጭ ነው። ሽማግሌው ጎረቤት መጥቶ ማዕዘኖቹን በጣቱ ዳሰሰና ማን እንደሠራቸው ጠየቀ። ባለቤቴ ገንፎ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ልታስረዳው ሞከረች።

ማታ ዘነበ። ጠዋት ስሄድ ኮክፒቱ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። ንጹሕ፣ ጥልቀቱ አራት ጣት፣ ከጓዳው በር ሥር የተጠራቀመ። አንዲት ጠብታ ወደ ታች አልገባም፤ ማተማችን እንዲህ ነው። ግን አንዲትም አልወጣም።

የዚህ ዓይነት ጀልባ ኋላው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ሰው ሲነግሩት ይደነግጣል፤ ጀልባ ላይ ቀዳዳ! ነገር ግን ወለሉ ከውጭው ውሃ ከፍ ያለ ስለሆነ ሐይቁ አይገባም፤ ኮክፒቱ ውስጥ የፈሰሰው ነው በገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የሚወጣው። እንዲንሸራተት ግን ወለሉ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ከፋብሪካ ስትወጣ ያዘነብል ነበር። እኛ ነን ያቃናነው። ያውም አፍንጫዋ በክሪክ ሰማይ እያየ፣ ዳገት ላይ ቆማ። ውሃ ላይ ስታርፍ አፍንጫዋ ወደ ቦታው ወረደ፤ ልክ የነበረው ወለል ወደ ፊት ተደፋ፤ ውሃው ቀዳዳዎቹን ትቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ።

ጋሼን ደውዬ አመጣኋቸው። ውሃ ልካቸውን ይዘው መጡ። ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሸች። አዩት። አነሡትና አራገፉት፣ መልሰው አስቀመጡት። ያው ነው። ቀና ብለው ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።

«ወለሉ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሐይቁ ነው የተንጋደደው።»

ይህን ብለው ተናደውም ደክመውም ኋላ ላይ ካለው መቀመጫ ዘፍ አሉ። ጋሼ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። የጀልባዋ ኋላ ዝቅ አለ፣ አፍንጫዋ ተነሣ፤ ያ ሁሉ ውሃ ከጓዳው በር ሥር ተነሥቶ በእግራቸው መሃል አልፎ፣ በሁለቱ ቀዳዳ ፏ ብሎ ወጣ። ጫማቸው ራሰ። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

ወለሉን አፍርሶ እንደገና መትከል ይቻላል። ግን በዚያ ማተሚያ ከተያያዘ በኋላ የሚወጣው ጀልባዋን ይዞ ነው። ስለዚህ አሁን ጀልባዋን ትተን ከወደቡ ስንሄድ ኋላ ላይ፣ መሪው ሥር፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተን እናስቀምጣለን። ሃያ ሃያ ሊትር። በአንድ አይበቃም፤ ሦስተኛውን ስንጨምር ደግሞ ኋላዋ ይሰምጥና ሐይቁ ራሱ በቀዳዳዎቹ ይገባል። ሞክረነዋል። ልኩ ሁለት ነው።

ሽማግሌው ጎረቤት ከሰነበተ በኋላ አላስችል ብሎት ጠየቀኝ።

«እነዚያ ቢጫዎቹ ምንድን ናቸው?»

«ውሃ ነው» አልኩት።

«ለመጠጥ?»

«ውሃ ለማስወጣት።»

ጥቂት አሰበ። «የኢትዮጵያ ዘዴ ነው?»

ጋሼ ኋላ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን ፉት እያሉ ነበር፤ ትርጉም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አዎ በለው» አሉ።